በጨለማዎቹ ሳምንታት ምሽቱን በምን ታሳልፋላችሁ?

ክሩ፣ ማለትም አንድ ሰው ጠይቆ ሌሎች በየተራ የመለሱበት የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ የተከፈተው በአቤቱታ ነው። ጠያቂዋ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ያሉት ሳምንታት ከዓመቱ ተቆርጠው ቢወጡ እንደማይቆጫት ጻፈች። ከሥራ ስትወጣ ጨልሟል፤ እራት በልታ ሰዓት ስታይ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ እስከ መኝታ ያለውን ጊዜ ስልኳ ይበላዋል። ብርዱን ለምዳዋለች፤ ያቃታት የምሽቱ ርዝመት ነው። ብዙ ወጪ የሌለው፣ ቤቱን ደስ የሚያሰኝ፣ ግን እንደ ግዴታ የማይከብድ ነገር ያለው ሰው እንዲጠቁማት ጠየቀች። ውጪ ወጥቶ መሮጥን የሚመክር ሰው እንዳይመጣባትም ከወዲሁ ለመነች። ልመናዋ ሰሚ አላገኘም፤ የክሩ ትልቁ ጠብ የተነሳው በዚሁ ነው።

ክሩ ረጅም ስለሆነ ላላነበባችሁት ዋና ዋናውን እነሆ። ምስጋና ብቻ የያዙትን መልሶች ዘልያለሁ።

መልስ 1 የመጣው ሹራብ ከምትሠራ ሴት ነው። ጠያቂዋን እርስዎ እያለች ነው የጻፈችው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ እየቆየ የሚጠፋ ነገር ነው። ጀማሪ ሰው በካልሲ ወይም በእጅጌ እንዳይጀምር፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንገት ልብስ እንዲበቃው መከረች። ወፍራም ክርና 8 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው መርፌ ከተያዘ ሥራው በየምሽቱ ሲያድግ ይታያል፤ የሹራቡ ዓይኖች (ቀለበቶቹ) ጎልተው ስለሚወጡም አንዱ ሲያመልጥ ወዲያው ይገኛል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ግን በማታ መብራት ዓይን ያደክማል፤ ፈዘዝ ያለው ይሻላል። መልስ 2 ይህን ተቀብላ ኪሮሽ ይቀላል የሚል ጨመረች። በኪሮሽ ጊዜ መርፌው ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ስለሆነ ሥራው ከእጅ ቢወድቅ ብዙ አይተረተርም።

መልስ 3 ላይ አንድ ወንድ ባለፈው ዓመት የሠራው የአንገት ልብስ ጠርዙ እየተጠቀለለ እንዳስቸገረው፣ በካውያ ቢተኩሰው እንኳ በማግስቱ ተመልሶ እንደሚጠቀለል ተናገረ። ሹራብ ሠሪዋ በመልስ 4 ተመለሰች። አንዱን ረድፍ በፊት፣ ቀጣዩን በጀርባ አሠራር የተሠራ ጨርቅ ጠባዩ መጠቅለል ነውና ካውያው ጥፋት የለበትም። ሁሉም ረድፍ በአንድ ዓይነት አሠራር ቢሄድ ግን ጨርቁ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ሰውዬው ፈትቶ እንደገና ሊጀምር መሆኑን ገልጾ ወጣ።

መልስ 5 ስለ ፐዝል ነው፤ ተቆራርጦ የተበተነን ሥዕል መልሶ መገጣጠም። 1000 ቁርጥራጭ ያለውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሳምንታት መተው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሁለት ሦስት መግጠም። ጠረጴዛ የማይተርፈው ሰው በወፍራም ካርቶን ላይ ሠርቶ ማታ አልጋ ሥር ይገፋዋል። ጠርዝ ያላቸውን ለይቶ መጀመርን ሁሉም ያውቃል። ይህ ሰው የጨመረው ሌላ ብልሃት ነው፤ ሰማይና ውሃ የሆነው ክፍል ላይ ሲደረስ ቀለሙን ረስቶ ቁርጥራጮቹን በቅርጻቸው መለየት፦ ሁለት ጉብታ ያላቸው ለብቻ፣ ሦስት ያላቸው ለብቻ። መልስ 6 ነገሩ ጨዋታ ሆኖ እንዳልተጀመረ አስታወሰ። ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ፣ በየአገሩ ድንበር ቆርጦ፣ ለልጆች የጂኦግራፊ ማስተማሪያ አድርጎት ነበር። ለጠያቂዋ ችግር ምንም አይፈይድም፤ ግን እንዲህ ያለ ወሬ የማይወድ ሰው መድረክ ላይ ምን ይሠራል?

ቀጥሎ የመጣው መልስ 7 ጮክ ብሎ ማንበብን አቀረበ። ከባለቤቱ ጋር እራት ከተነሳ በኋላ አንዱ ያነባል፣ ሌላው እቃ ያጥባል። መልስ 8 ደግሞ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው ማንበቡ እንደሚያስቀው፣ የተቀረጸ መጽሐፍ ሞልቶ እያለ ጉሮሮን ማድረቅ ምን ይሉት እንደሆነ በፌዝ ጠየቀ። የክሩ የመጀመሪያ ሹል ቃል ይህ ነው። መልስ 9 በጨዋ ደንብ አፍ አስያዘችው። ዓይናቸው ለደከመ አባቷ ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ ታነባለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚያዳምጡ እንቅልፍ የወሰዳቸው እየመሰላት ዝም ስትል፣ ያቋረጠችውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ራሳቸው ገምተው ይጨርሱላታል፤ ግምታቸው ከደራሲው የተሻለበት ጊዜም አለ። የተቀረጸ መጽሐፍ መሃል ላይ ቆሞ ይህ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ አያወራም። መልስ 8 ተመልሶ መጣ፤ ይቅርታ አልጠየቀም፤ አሁን የትኛውን መጽሐፍ እያነበቡ እንደሆነ ግን ጠየቀ። መልስ 10 ላይ ስሙን ነገረችው።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነበር። መልስ 11 ጠያቂዋ የፈራችውን ይዞ ገባ። ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ክር፣ ሁሉም ማስታገሻ ናቸው፤ ሰውነት የጎደለው የቀን ብርሃን ነው። የቤት መብራት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቢሰጥ ነው፤ ደመና በሸፈነው የብርድ ቀን እንኳ እኩለ ቀን ላይ ውጪው አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ይበልጣል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ውጪ መራመድ ከማንኛውም ሻማ ይበልጣል ባይ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን የተቆጣ አስተማሪ ይመስላል፤ ጠያቂዋም በመልስ 12 ያልጠየቀችውን እንደመለሰላት፣ ምሽቱን እንጂ ምሳ ሰዓቷን እንዳላማረረች በደረቁ ነገረችው።

ከዚህ በኋላ መልስ 13 ባይመጣ ኖሮ ክሩ እዚያው ይሰነጠቅ ነበር። ጸሐፊዋ ነርስ ናት። ምሽት ሲረዝም የሚመጣ መሰልቸትና በየዓመቱ በዚያው ወቅት የሚመለስ ድባቴ አንድ እንዳልሆኑ በትዕግሥት ለየች። ሁለተኛውን ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 በሕክምና ጽሑፍ አውጥተውት ዛሬ የታወቀ ሕመም ነው። ምልክቶቹ ከተራ ሐዘን ይለያሉ፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጨምርባቸዋል፣ ከሰው ይሸሻሉ። ከሕክምናዎቹ አንዱ 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መብራት ነው፤ ጠዋት እንደነቁ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ ፊት ለፊት ግን በቀጥታ ሳይመለከቱት። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይጀምረው አስጠነቀቀች። ምክሯን የጨረሰችው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው የሚያስፈልገው ሹራብ ሳይሆን ሐኪም መሆኑን በመግለጽ ነው። ከክሩ ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መልስ 14 ይህን ሁሉ አንብቦ ጉዳዩ ስንፍና ነው አለ። የድሮ ሰው መብራትም ሳይኖረው የብርዱን ወራት ይገፋ እንደነበር፣ የዛሬ ሰው ግን ለሁሉም ነገር የበሽታ ስም እንደሚያወጣ ጻፈ። ከመልስ 15 እስከ 18 ያለው ውርጅብኝ ነው፤ እርስዎ ጠፍቶ አንተ የነገሠውም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ የድሮ ሰው በብርድ ወራት ምን ያህል ይሞት እንደነበር እንዲያነብ ላከው፤ ሌላዋ በየዓመቱ በጃንዋሪ እህቷን ሐኪም ቤት እንደምታመላልስ፣ ስንፍና የሚለውን ቃል ፊቷ ላይ እንዲደግመው ጋበዘችው። መልስ 17ን የመድረኩ ተቆጣጣሪ አጥፍቶታል፤ ምን ይል እንደነበር ከመልስ 18 ቁጣ መገመት ይቻላል። ነርሷ አልተመለሰችም፤ ደግ አደረገች።

ከዚያ መልስ 19 መጣች፤ ጸቡንም ምክሩንም በአንድ ላይ ገፋች። ሁለት ቦታ ትሠራለች፤ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባለች። ፐዝል ዘርግቶ ለሳምንታት መተው፣ በምሳ ሰዓት መራመድ፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት መብራት ፊት መቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ጊዜ የተረፈው ሰው ወሬ ነው ስትል ብሶቷን አፈሰሰች። መልስ 20 ታዲያ ክሩን ለማንበብ ለምን ገባሽ ብሎ ተናገራት፤ የባለጌ መልስ ነው።

በመልስ 21 ግን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ የሆነ ሰው እህቴ ብሎ ጀመረ። እሱንም ያስጠላው የነበረው ጨለማ ቤት ውስጥ ገብቶ በእጁ ማብሪያ መፈለጉ ነበር። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሰዓት የሚሞላ ማብሪያ አለ፤ በእሱ አንድ የጠረጴዛ መብራት ከመድረሱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲበራ አደረገ። አሁን ከመንገዱ ጥግ ሆኖ መስኮቱ በርቶ ያየዋል። ሌላው ልማዱ የሚቀይረውን ልብስና ካልሲ ጠዋት ሲወጣ አጣጥፎ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ እንደገባ የሥራ ልብሱን አውልቆ እሱን ይለብሳል፣ ትኩስ ነገር ይዞ ስልኩን ሳይነካ አሥር ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ ይተኛል። ሌላ ምንም የለውም። መልስ 19 ማብሪያው ምን እንደሚባል ጠየቀች፤ ቁጣዋም በዚያው በረደ።

እዚህ ላይ የራሴን ጣልቃ ላስገባ። በዚህ ክር ውስጥ ሥራ ላይ የዋሉት ምክሮች ሁሉ ሰዓት አላቸው፤ እራት ከተነሳ በኋላ፣ ልክ እንደተገባ፣ ጠዋት እንደተነቃ። ሰዓት የሌላቸው ምክሮች (ሙዚቃ ስሙ፣ ራሳችሁን ውደዱ፣ ቤታችሁን አሳምሩ፣ እነዚህም ነበሩ) ምስጋና አግኝተው አልፈዋል፤ ሞከርኩት ብሎ የተመለሰ ግን የለም።

መልስ 22 ሁለቱን ጎራ ያስታረቀ ነው፤ በሁለት አንቀጽ። የብርሃን ሰዎችና የሻማ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ቀኑ ሁለት ጫፎች ስለሆነ ጠብ አያስፈልግም። ጠዋት ደማቅ ነጭ ብርሃን ሰውነትን ያነቃል፤ ማታ ያው ብርሃን እንቅልፍ ይሰርቃል። ስለዚህ ማታ የጣራውን መብራት አጥፍቶ፣ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበትን ቢጫማ አምፖል ዝቅ ባለ ቦታ ሁለት ሦስት ጥግ ላይ ማብራት። መልስ 11ም በዚህ ተስማማ፤ ጠያቂዋ ላይ ግን ነገሩን አላነሳም፣ እሷም እሱ ላይ።

ከዚህ ወዲያ ክሩ መስመር ሳተ፤ ለእኔ ግን ጥሩው ክፍል ይህ ነበር። መልስ 23 ለጠያቂዋ የምሥራች ይዞ መጣ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አጭሩ ቀን ዲሴምበር 21 ወይም 22 ቢሆንም ፀሐይ በጊዜ የምትጠልቅበት ቀን ከዚያ ይቀድማል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ባሉ ቦታዎች ይህ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ማለቂያ ላይ ይውላል፤ እጅግ አርፍዳ የምትወጣበት ጠዋት ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። የምድር ዘንበል ማለትና ምሕዋሯ ፍጹም ክብ አለመሆኑ ተጋግዘው በዚያ ሰሞን እውነተኛውን እኩለ ቀን በየቀኑ ወደ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፉታል። ስለዚህ ምሽቱን ለሚጠላ ሰው መመለሻው ከሚያስበው ቀድሞ ተጀምሯል። መልስ 24 ይህ ሊሆን አይችልም፣ በብርዱ ወራት ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው የሚበርደው ብሎ ተከራከረ። እርማቱ በመልስ 25 መጣ፤ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል፤ በጁላይ መጀመሪያ 152 ሚሊዮን ትሆናለች። ወቅቶችን የሚያመጣው 23.4 ዲግሪው ዘንበል ነው። መልስ 26 ከምድር ወገብ በታች የሚኖር ሰው ነው፤ ሁሉም ሰው ብርዱ በጃንዋሪ እንደሚይዘው አድርጎ ማውራቱ እንደሰለቸው፣ የእሱ አጭር ቀን በጁን መሆኑን አስታወሰ። ልክ ነው፤ እኔም ከላይ የብርዱን ወራት ለሁሉም አገር አንድ አድርጌ ቆጥሬ ነው የሄድኩት።

መልስ 27 ስለ ሪዩካን አነሳች። ይህች የኖርዌይ ከተማ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ፀሐይ አያገኛትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከከተማዋ 450 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተራራው ላይ ሦስት ትልልቅ መስታወቶች ተተክለው የፀሐይን ብርሃን ወደ አደባባዩ ይመልሱ ጀመር። በዓለም የመጀመሪያው ነው ብላ ጻፈች፤ መልስ 28 ጣሊያን ውስጥ ቪጋኔላ የምትባል መንደር በ2006 መስታወቷን እንደተከለች ጠቅሶ አረማት። መልስ 29 ለአንድ አደባባይ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት እብደት ነው አለ። መልስ 30 በዚያው በሪዩካን በ1928 ሰዎች ወደ ፀሐይ የሚወጡበት ኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ማመላለሻ) እንደተሠራ አንስታ፣ ፀሐይ የናፈቀው ሰው ሁልጊዜ መውጫ ሲፈልግ መኖሩን ነገረችው። እሱ በመልስ 31 አልተረታም።

ከዚያ መልስ 32 እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ እየተቆጣ ገባ፤ ሙያው ይኸው ይሁን አይሁን አልተናገረም። አዲስ ሻማ መጀመሪያ ሲበራ ላዩ በሙሉ እስኪቀልጥ ካልተተወ መሃሉን ብቻ ቆፍሮ ይሰምጣል፤ የሻማው ክር በየጊዜው ወደ 5 ሚሊሜትር ያህል እስኪያጥር ካልተቆረጠ ይጨሳል፤ መጋረጃ አጠገብ የሚያበራ ሰው ደግሞ ምክር አያስፈልገውም፣ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። የፍል ውሃ ላስቲክ ውስጥ የፈላ ውሃ አይጨመርም፤ ትንሽ በርዶ፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ፣ አየሩም ወጥቶ ነው የሚዘጋው። ከሁሉ በላይ ግን ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መስኮት ዘግቶ መሞቅ ሞት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ይሄዳል። መልስ 33 መደሰትም ክልክል ሆነ ወይ ብላ አላገጠች። እኔ ከሰውዬው ጋር ነኝ፤ ቢቆጣም ያቆጣል።

መልስ 34 መስኮት ላይ በብርጭቆ ውሃ የሚበቅል የሂያሲንት አበባ አሁኑኑ እንድትተክል ለጠያቂዋ መከረ። መልስ 35 አበባ የምታውቅ ሴት ናት፤ ሂያሲንት ከማበቡ በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ብርድና ጨለማ ውስጥ መቆየት ስላለበት ለጃንዋሪ የሚፈልገው ሰው በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር መነሳት ነበረበት። አሁን ለሚጀምር የሚሆነው ፔፐርዋይት የሚባለው ነጭ ናርሲሰስ ነው፤ ቅድመ ብርድ ሳይፈልግ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ሽታው ግን ከባድ ስለሆነ መኝታ ቤት አይቀመጥም።

ጠያቂዋ በመልስ 36 ተመለሰች። ሰዓት ያለውን ማብሪያ ገዝታለች፤ ስልኳን ከእራት በኋላ ሌላ ክፍል ትታ ኪሮሽ ትሞክራለች፤ ፔፐርዋይቱንም ታያለች። መሮጡን አሁንም አልተቀበለችም። ቢሆንም መልስ 37 ሳይሮጡ ውጪ የሚቆሙበት ምክንያት ሰጣት፤ ሰማዩ የጠራ ምሽት ላይ ካፖርት ደርቦ ኦሪዮንን፣ አዳኝ ሰው የሚመስለውን የከዋክብት ስብስብ፣ አሥር ደቂቃ ማየት። በመስመር የቆሙት ሦስቱ ከዋክብት ቀበቶው ናቸው፤ ከእነሱ በታች ጭጋግ የምትመስለው ነጠብጣብ ከዋክብት የሚወለዱባት ደመና ናት። አንድ ትከሻው ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ቤተልጌዝ ነው፣ በሰያፍ ተቃራኒ ባለው እግሩ ላይ ያለው ነጭ ሰማያዊ ሪጀል። መልስ 38 ቤተልጌዝ በ2019 መጨረሻ እንደደበዘዘና ሊፈነዳ ነው ተብሎ እንደተወራ አስታወሰች፤ መልስ 39 ያደበዘዘው ኮከቡ ራሱ የተፋው አቧራ መሆኑን ነግሯት፣ እስኪፈነዳ ድረስ እስከ መቶ ሺህ ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ጨመረ። መልስ 40 ምናልባት ፈንድቶ ብርሃኑ መንገድ ላይ ይሆናል ሲል ነገሩን እንደገና አጦዘው። ተቆጣጣሪው ይህን ክርክር ወደ ሌላ ክር አዛውሮታል፤ እዚያ መልስ 14ም ገብቶበት እስካሁን አልበረደም።